እስከ ነሐሴ የሚቆየው ወተት

ሶፎኒያስ ከጎንደር ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ከገባ ሁለት ወሩ ነው። አገሩ ሳለ የቀበሌ መዝገብ ያዥ ነበር፤ ቀን አንብቦ ተሳስቶ አያውቅም። ነጋዴው ጀማሉ በመጋዘኑ የቀጠረውም ለዚሁ ነው። ከውጭ የሚገባ ወተት ያለበት ምግብ ሁሉ ሱቅ ከመድረሱ በፊት ማሸጊያውንና ቀኑን እሱ ያያል፤ ቀኑ ያለፈበት አይወጣም።

ዛሬ ጠዋት የዱቄት ወተት መጣ። ማብቂያው 12/2018 ይላል። ጊዜው ጥር 2018 ስለሆነ «እስከ ነሐሴ ይቆያል» ብሎ አሳለፈው። አንዱን ቆርቆሮ ከፍቶ አሸተተ። ምንም አይሸትም፤ ወተት ወተት እንኳ አይልም። አሥር ካርቶን ወደ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ተላከ።

አመሻሽ ላይ የጀማሉ ልጅ ሂያም የተከፈተውን ቆርቆሮ አገላብጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አንተ ሐበሻ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ቀን ነው! ወላሂ፣ ካለፈ ሰባት ዓመቱ!»

ሶፎኒያስ መጠለያው ውስጥ ሱቅ ላላት ለለተሥላሴ ደወለ።

«ሶፎ ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ወተት ነው የላክህልን?» አለች በደስታ። «ሕፃናቱ ከጠጡት ወዲህ አንዱም አላለቀሰም። ሁሉም እንደተኙ ናቸው፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ሌላ ጨምርልን እንጂ!»

«ቀስቅሷቸው» አላት።

«ምን?»

«ሕፃናቱን። አሁኑኑ ቀስቅሷቸው።»