«ከሁሩሙ ወጥታ አታውቅም»

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ካገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ከባለቤቴ ጋር ግን ከሦስት ሳምንት በላይ አብሬ ያልኖርኩበት ጊዜ። እሱ ካናዳ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ ሁሩሙ፣ እናቴ ትታልኝ ባለፈችው ቤት ተቀምጬ፣ ማር ከገበሬ እየገዛሁ መቱ ወስጄ እሸጣለሁ። ሰው «መቼ ነው የምትሄጂው?» ሲለኝ መጀመሪያ «በቅርቡ» እል ነበር፤ ኋላ «እግዜር ያውቃል» ማለት ጀመርኩ። በመጨረሻማ ጠያቂውን ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።

ካናዳን አላውቃትም ብል ውሸት ነው። ከማግባቴ በፊት የአክስቴ ልጅ እዚያ ስትወልድ ላርሳት ብዬ በጉብኝት ቪዛ ሄጃለሁ። የተፈቀደልኝ ስድስት ወር ነው፤ የቆየሁት ሦስት ዓመት ከሦስት ወር። ሕፃኑ ታመመ፣ ከዚያ እሷ ሥራ ገባች፣ ከዚያ «እስከ ፋሲካ»፣ ከዚያ «እስከ እንቁጣጣሽ»። ቀኑ ካለፈብኝ በኋላ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ቅርቤ ያለው ሱቅ እገባ ነበር። ባለቤቴንም ያገኘሁት እዚያው ነው፣ ልቅሶ ቤት፤ እኔ ሰሃን አጥባለሁ፣ እሱ ያደርቃል። እናቴ ስትታመም ማንም ሳያስወጣኝ በራሴ እግር ተመለስኩ። በዓመቱ እሱ መጥቶ ሽማግሌ ላከ። መቱ ተፈራርመን፣ ሁሩሙ ደግሰን፣ የዕረፍት ፈቃዱ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለነበረ ሳንጠጋገብ ሄደ።

የትዳር ቪዛው ቅጽ ላይ ከተፈቀደልኝ ጊዜ በላይ ቆይቼ እንደማውቅ የሚጠይቅ ቦታ አለ። እዚያ ጋ ስደርስ ለባለቤቴ ደወልኩ።

«አዎ ብለሽ ሙዪ» አለኝ።

«ቢከለክሉኝስ?»

«ለቆየሽበት ምናልባት ይቅር ይሉሻል። ከዋሸሽ ግን አምስት ዓመት ማመልከት አትችዪም። ጠይቄያለሁ።»

አዎ ብዬ ሞላሁ። ለምን እንደቆየሁ የሚያስረዳ ደብዳቤም አብሮ ይፈለጋል ተባለ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ራሴን ያሻሻልኩት እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ በማንበብ ነው። ወሬ ስጽፍ ይፈስልኛል፤ ጥፋቴን ስጽፍ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ሕፃኑ ሳል ብቻ አራት ገጽ ሆነ። ባለቤቴ በስልክ ሰምቶ ሲጨርስ «ልብ ወለድ እኮ አይደለም የጠየቁሽ» አለኝ። በስድስተኛው ነው አንድ ገጽ የሆነልኝ። መቱ መናኸሪያው አጠገብ የትርጉም ሥራ ያላት ልጅ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ፣ ላክነው።

ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ መልስ መጣ፤ ከተመለስኩ ወዲህ የት እንደኖርኩ የሚያረጋግጥ ማስረጃ በሠላሳ ቀን ውስጥ አምጪ የሚል። ቀበሌ ሄድኩ። ካናዳ ሳለሁ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበታል፣ ከመዝገባቸውም ጠፍቻለሁ። «ሦስት ምስክር ይዘሽ ነዪ» አሉኝ። አንድ ቀን መብራት የለም፣ አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ የለም፣ አንድ ቀን ሁሉም አሉ ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። ጫማዬ ከቀበሌው ጭቃ ሌላ መንገድ የማያውቅ መሰለ።

ሁሩሙ ውስጥ ምስክር ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። ልብስ ሰፊ ናቸው። ጎረቤት በድንበር ቢካሰስ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ የሳቸው ቃል ከተሰማ ነገሩ አበቃ። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ገብተው መሰከሩልኝ፤ እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ደብዳቤው ሲሰጠኝ ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አላየሁም። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ያልተንሻፈፈ ማኅተም! አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ደብዳቤው የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልሰው በማግስቱ ለዚያችው ተርጓሚ ወሰድኩላት። አንብባ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ካናዳ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ እንጂ። አንቺው አይደለሽ ደብዳቤዬን የተረጎምሽው?»

«እዚህ ግን ‹ከተወለደች ጀምሮ ከሁሩሙ ወጥታ አታውቅም፤ አንድ ሌሊት እንኳ ሌላ አገር አላደረችም› ይላል።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ወንበሯ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዱ ወረቀቴ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ ይላል፣ አንዱ እግሬ ከሁሩሙ አልወጣም ይላል፤ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኙ ነው። ከሁለት አንዱ ውሸት መሆኑን ለማወቅ ፈረንጅ መሆን አያስፈልግም።

«እሷን መስመር ዝለያት» አልኳት፣ ሳላፍር።

«እትዬ፣ የእኔም ስምና ማኅተም ነው የሚያርፍበት። ዋናውም አብሮ ነው የሚላከው። ያስቀይሩት፣ ይሻልዎታል።»

ከሠላሳው ቀን ዘጠኝ ቀርቶኛል። በሚኒባስ ተመለስኩ፣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አጎቴ በረንዳቸው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የመሰከሩልኝ?»

«ጥሩ ጥሩውን ነዋ።» እግራቸውን ከስፌት መኪናው መርገጫ አላነሱም።

«ከሁሩሙ ወጥታ አታውቅም ብለዋል።»

«ታዲያ ምን ልበል? ቀን አሳልፋ በሰው አገር ተደብቃ ነበር ልበል? የእህቴን ልጅ በአፌ አሳልፌ ልስጥ?»

«ለካናዳዎቹ እኔው ነግሬያቸዋለሁ እኮ!»

መኪናው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ጽፌ፣ ፈርሜ ነግሬያቸዋለሁ።»

«በገዛ እጅሽ?»

«በገዛ እጄ።»

ባለቤታቸው ከውስጥ እየሳቁ ወጡ። «አንተ ሰው፣ አገር ያወቀውን! እሷ ከካናዳ ያመጣችልህን ጃኬት ለብሰህ እኮ ነው ‹ወጥታ አታውቅም› ብለህ የፈረምከው!»

አጎቴ ጃኬታቸውን አዩት። አልሳቁም።

«አሁን ገብቼ ዋሽቻለሁ ልበል? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ተሳስቻለሁ ይበሏቸው።»

«አልተሳሳትኩም። እያወቅሁ ነው ያልኩት። ተሳስቻለሁ ብል ሁለተኛ መዋሸቴ ነው።» ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጡት። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ተይኝ።»

ተውኳቸው። ለመለመን እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። ቀበሌ ሄጄ ሌላ ምስክር ባመጣስ ብል ሊቀ መንበሩ «ቃሉን የሰጠው ሰው ራሱ መጥቶ ካላነሳው አንቀይርም» አለኝ። ማታ ባለቤቴ ሲደውል ምን እንደተባለ ጠየቀኝ፤ «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። በማግስቱም እንደዚያው አልኩት። ማሩን ሳጣራ፣ ቤቱን ስጠርግ ቀን እቆጥራለሁ፤ ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት።

አምስት ሲቀረኝ የገበያ ቀን ነበር። አጎቴ በራፌ ላይ ቆሙ። «ተነሺ» አሉኝ፣ ሌላ ቃል የለም። እፊት እፊት ሄዱ፣ ተከተልኳቸው።

ከገጠር የመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ቀበሌውን ሞልቶታል። ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው፤ የትምህርት ቤት ልብሱን የሰፉለት እሳቸው ናቸው። አይቷቸው ብድግ አለ። ወንበር ሲሰጣቸው አልተቀመጡም።

«እዚህ ቤት ገብቼ በሐሰት መስክሬያለሁ» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። «ይህች ልጅ ካናዳ ነበረች። ሦስት ዓመት ከሦስት ወር። የጠቀምኳት መስሎኝ ነው የደበቅሁት። ጻፈው።»

ልጁ አፈረ። «ኦቦ፣ ረስተውት ነው እንበል...»

«አልረሳሁም። ጻፈው አልኩህ።»

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ክርኑን ሰደደበት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አዲሱ ደብዳቤ ሲሰጠኝ እዚያው ቆሜ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። የተመለስኩበት ወርም ዓመቱም ልክ ነው። በማግስቱ ተተርጉሞ ተላከ።

ቪዛው ከዚያም በኋላ ሰባት ወር ፈጅቶ መጣ። ሰው እልል የምል መስሎት ነበር፤ እኔ በሬን ዘግቼ ስተኛ ዋልኩ። ሲመሽ ሄጄ ለአጎቴ ነገርኳቸው። «እሰይ» አሉ፣ መቼ እንደምሄድ ጠየቁኝ፣ ለመንገድ የሚሆን ሻንጣ እንዳለኝ ጠየቁኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አጎቴ ለማንም ሰው አልመሰከሩም። ሲለምኗቸው «ሌላ ሰው ፈልጉ» ይሉና ስፌታቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ የገዛ ልጃቸው መታወቂያ ሊያወጣ ምስክር አምጣ ተባለ። ጎረቤታቸውን ለመኑለት፤ ሁለቱ ወደ ቀበሌ ሲሄዱ እሳቸው በረንዳው ላይ ቀሩ።