የየኔታ አልጋና የእኔ ጎማ

ወረታ መገንጠያው አጠገብ ጎማ ስመርጥ ያየኝ ሰው ባል የምመርጥ ሳይመስለው አይቀርም። አንዱን አንከባልላለሁ፣ ጎኑን በጥፍሬ እጫነዋለሁ፣ ስንጥቅ እፈልግበታለሁ፣ እመልሰውና ሌላ አስወርዳለሁ። ጎሚስታው ታጋሽ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ትዕግሥቱ አለቀበት።

«እታለም፣ ጎማ እኮ ነው። ክብ ከሆነና ነፋስ ከያዘ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ክብ ነገር ብፈልግ ሰፌድ እገዛ ነበር» አልኩት።

ጠባዬ እንዲህ ነው፤ ቶሎ እግላለሁ፣ ቶሎ እበርዳለሁ። እሱም ስለሚያውቀኝ ሳቅ አለ። ጭቅጭቃችን ግን የምር ነበር። እሱ ጥርሱ ደቃቅ የሆነውን፣ አስፋልት ላይ ድምፅ የማያሰማውን ውሰጂ ይላል። ደብረ ታቦር ብትይ ጎንደር አስፋልት ነው፤ ነዳጅም አይበላብሽም ይላል። እኔ የምፈልገው ጥርሱ ትልልቅ፣ መሐሉ የተራራቀ፣ ጭቃ የሚተፋ ጎማ ነው። የፎገራን መረሬ የሚያውቅ ይረዳኛል። ያ ጥቁር አፈር ውሃ ሲነካው ጎማው ላይ ይለጠፍና ጥርሱን ይደፍነዋል። ከተደፈነ በኋላ አዲስ ጎማና ያለቀ ጎማ ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ይንሸራተታሉ። ጥርሱ ሰፋ ያለ እንደሆነ ግን ሲሽከረከር ጭቃውን እያራገፈ ይሄዳል።

«ለመሆኑ የት ልትሄጂበት ነው ይህን ሁሉ ጥርስ?» አለኝ።

«የኔታን ለኅዳር ሚካኤል ላደርሳቸው።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። አራቱንም ጎማ ገጥሞ ሲጨርስ፣ አንዴ ያጠበቃቸውን ዳዶዎች እንደገና ዞሮ አጠበቃቸው።

የኔታ የምላቸው አባቴን ነው። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁሐር ሚካኤል አገልግለዋል። የዚያ አገር ሰው ፊደል የቆጠረውም ዳዊት የደገመውም እሳቸው ፊት ተቀምጦ ነው። ሰው ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም ልጃቸው አባባ ማለትን ሳላውቅ የኔታ እያልኩ አደግሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ፣ አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወረታ፣ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ሐኪሙም ወጌሻውም የሚችለውን አደረገ። አጥንቱ ገጠመ፤ መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። ጥቂት ከተቀመጡ ያማቸዋል። ባጃጅ የሚታሰብ አይደለም፤ በቅሎም ቀረ።

ቤቴ መንገድ ዳር ነው። ቀኑን ሙሉ የመኪና ጡሩምባና የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት አያባራም። የኔታ እዚያ አልጋ ላይ ሆነው ጣራ ያያሉ። ቀስ በቀስ ወሬ ቀነሱ፣ ምግብ ቀነሱ። በጣም ያስደነገጠኝ ግን ዜማ መተዋቸው ነው። እኔ እስከማስታውሰው ድረስ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ እንኳ የሚያዜሙ ሰው ነበሩ።

«ምነው የኔታ፣ ማዜሙን ተዉት?» ብላቸው፣

«ለማን ብዬ? ለባጃጁ?» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኝ ነበር፤ ኅዳር ሚካኤል ሲነግሥ እዚያ መገኘት። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል። ካልወሰድኳቸው እዚያው ጣራውን እያዩ እንደሚያልቁብኝ ገባኝ።

እናም ወንበሮቹ ያለቁበት አሮጌ ሚኒባስ ገዛሁ። የኋላ ወንበሮቹን በሙሉ አስነቀልኩና የኔታን የጠፍር አልጋ አስገባሁበት፤ መንገድ ላይ እንዳይንሸራተት እግሮቹን በቡሎን ከወለሉ ጋር አሳሰርኳቸው። መጋረጃ ሰፋሁለት። ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ መለዋወጫ ጎማና ክሪክ አስቀመጥኩ። የሰፈሩ ሰው መሳቂያ አደረገኝ። «ቤትሽ ዛሬ ስንት ሰዓት ይነሳል?» ይሉኛል። አንዷ ጎረቤቴማ «ቤት ስታከራዪ ከነሹፌሩ ነው?» አለችኝ።

እኔም አሮጌ መኪና ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተማርኩ። ሩዝ ነጋዴ ነኝ እንጂ ሹፌርነቱ ከመንጃ ፈቃድ አያልፍም ነበር። ጠዋት ሳላስነሳው ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ ማየት ለመድኩ። የፍሬን ሸራ አስቀየርኩ። የወረታ መፈልፈያዎች አቧራ የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ እሱን እያወጡ ማራገፍ ነው። ጭቃ ላይ ጎማ ሥር የሚበተን የሩዝ እብቅ በጆንያ ጭኜ ነበር፤ እብቁ ውስጥ የቀረችውን ፍሬ ፍለጋ አይጥ ገብቶ የመብራቱን ሽቦ ቆረጠልኝ። ያን ቀን የተናገርኩትን የኔታ ሰምተው ንስሐ ግቢ ብለውኛል።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት በጠዋት ተነሳን። የኔታ ነጭ ለብሰው፣ ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው ተጋደሙ። ከአስፋልቱ እስክንወጣ ጎማዎቼ ይጮሁ ነበር፤ ጎሚስታው እውነቱን ነው። ወደ ሜዳው ስንገባ ግን ጸጥ አሉ። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ መሬቱ ላይ ላዩን ደርቋል፤ ግራና ቀኝ ሩዙ ቢጫ ሆኗል። እኔም በጎማዬ እየኮራሁ ነዳሁ።

የረሳሁት ነገር ነበር። የፎገራ ገበሬ ሩዝ ከማጨዱ በፊት ማሳው ውስጥ የቆመውን ውሃ ቀዶ ያፈሰዋል። የሚፈሰውም ወደ መንገዱ ነው። እዚያው ተወልጄ፣ ሩዝ እየነገድኩ፣ ይህን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ሰማዩን ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከዛፎቹ በላይ እየታየ፣ ከበሮው እየተሰማ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ሰመጠ። ማርሽ ቀያየርኩ፣ እብቅ በተንኩ፣ ነፋስ አስተነፈስኩ። ያ ሁሉ የመረጥኩት ጥርስ መረሬውን ጎርሶ ዝም አለ። ወርጄ ጎማውን በእግሬ መታሁት፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ወደ ንግሡ የሚሄዱ ሰዎች አዩንና መጡ። የኔታን ሲያዩ ሁሉም እየተሽቀዳደሙ ጉልበታቸውን ሳሙ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ እሱም ተማሪያቸው የነበረ፣ ቤቱ ቅርብ ነው።

«የኔታ፣ ቢፈቅዱልን በሬዎቹን ጠምጄ አሁኑኑ ላውጣችሁ» አላቸው።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። በሚካኤል ቀን በሬ አይጠመድም፤ ይህን ለዚያ ሁሉ ሰው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የኔታ ወደ ጉልላቱ አዩ። ጣራ እያዩ የጠበቁት ነገር እዚያ ነው ያለው፤ ከበሮው ይሰማቸዋል።

«አይሆንም» አሉ።

እኔ ጋልኩ። «የኔታ፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው። እዚህ ጭቃ ላይ ሊቀሩ ነው እንዴ?»

«ልቅር። በሬው ግን ዛሬ ዕረፍቱ ነው። ለእኔ ሲሆን የሚፈርስ ከሆነ ምን አስተማርኳቸው?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰበና አልጋውን አየው። «ሰውስ? ሰው ቢሸከምዎት?»

የኔታ ፊታቸው በራ። «የታመመ መሸከም ሥራ አይባልም» አሉ።

ቁልፍ አምጥቼ፣ እንዳይነቃነቅ ብዬ ያሳሰርኩትን ቡሎን በገዛ እጄ ፈታሁ። ጎልማሶቹ የክት ልብሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው አልጋውን ከነየኔታ በትከሻቸው አነሱት። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነበር፤ የአንዱም ነጠላ ነጭ እንደሆነ አልቀረም። የኔታ ከላይ ሆነው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። «ምን እያደረጉ ነው?» ብላቸው፣ «አልጋ በትከሻ ሲመጣ ያየ ሰው ሞቷል ብሎ እንዳያለቅስ» አሉኝ። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሏቸው ነበር።

ደረስን። ታቦቱ ሲወጣ አልጋው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። እልልታው ቀለጠ፤ ካህናቱ ወረቡን ጀመሩ። ያኔ ያንን ድምፅ ሰማሁ። ተንጋለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የኔታ ያዜማሉ። ድምፃቸው ሳስቷል እንጂ አልተሰበረም። ካህናቱ ሰምተው ወደ አልጋው ዞሩና ከእሳቸው ጋር አብረው ወረቡ። እኔ አለቀስኩ፤ አልደበቅሁም። ተመስገን፣ ተመስገን ከማለት በስተቀር የምለው አልነበረኝም።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሊያሳድራቸው ለመነ። የኔታ ግን «ቤቴ እዚያ ቆሞልኛል» ብለው አልጋቸውን ወደ ሚኒባሱ አስመለሱ። በማግስቱ ሽማግሌው ገበሬ በሬዎቹን ነድቶ መጣ።

«ዛሬ እኮ እግዚአብሔር አብ ነው» አሉ የኔታ።

ገበሬው ጎንበስ ብሎ በሬዎቹን መለሳቸው። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ መጣ። አቡነ አረጋዊ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጾሙ ገባ፤ የጾም መያዣ ቀን መንገድ አይወጣም ተባለ። እኔ መጀመሪያ ላይ ቀን እየቆጠርኩ፣ ሱቄን እያሰብኩ እነጫነጭ ነበር። በጎማዎቹ ጥርስ ውስጥ የገባውን መረሬ በእንጨት እየፈለፈልኩ አወጣለሁ፣ መውጫ ቦይ እቆፍራለሁ። የኔታ በመስኮት ያዩኝና «ተይው፣ ምን አስቸኮለሽ» ይሉኛል።

በዚያ መሐል የሚኒባሱ በር አይዘጋም። ከማጨድ የተመለሰ ሁሉ በዚያ ያልፋል። አንዱ እርጎ ያመጣል፤ ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሽሮና የሩዝ እንጀራ። አንዱ የተረሳ ዜማ ይጠይቃል፣ ሌላው ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን ነገር ያወራል። የኔታ ትራስ ተደግፈው ያርማሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይመርቃሉ። ይበላሉም። ወረታ አንድ ጉርሻ እንዲውጡልኝ ስለምናቸው የነበሩት ሰው «ጨምሪበት» ሲሉኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

ታዲያ ያቺን አቡነ አረጋዊ የተባለባትን ቀን መልሼ ሳስባት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«የኔታ፣ በአቡነ አረጋዊ ዕለት ሰዉ ሁሉ ሩዝ ሲያጭድ ነበር እኮ። ገበሬውም ከእርስዎ ተመልሶ ማጭዱን ይዞ ነው የወረደው። ጻድቁ የሚከበሩት ለመኪና ብቻ ነው እንዴ?»

አዩኝ። አፋቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ከዚያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ገበሬውም ገብቶት ኖሯል፤ በየጠዋቱ በሬ እየነዳ የሚመጣው የዛሬውን በዓል ሊሰማ ነበር። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቦይ መቆፈሩን ተውኩት።

መሬቱ ግን የኔታን አልጠየቃቸውም። ፀሐዩ በረታ፣ መረሬው መሰነጣጠቅ ጀመረ። አንድ ቀን ሞተሩ እንዳይተኛ ብዬ ባስነሳው፣ ጎማዎቹ መሬቱን ነክሰው መኪናው ያለማንም ርዳታ ብድግ ብሎ ወጣ። በመስታወቱ የኔታን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ጉልላቱ አዙረው ተኙ። ሰዎቹ እስከ አስፋልቱ ሸኙን።

ወረታ ከተመለስን በኋላ ግን ዜማው አልተቋረጠም፤ የኔታም ከሚኒባሱ አልወርድም አሉ። ጠዋት ጠዋት፣ ባጃጁም እየሰማ፣ ያዜማሉ። ለዚህ ማንን እንደማመሰግን አላውቅም። ሚካኤልን፣ ሰዎቹን፣ በሬ አልጠመድ ያሉትን እሳቸውን ራሳቸውን፤ መረሬውንም ቢሆን።

ሰሞኑን ጎማዎቹ አለቁ። የኔታን ከነአልጋቸው ይዤ፣ በጎናቸው ሩዝ እየጫንኩ አስፋልት ላይ ስመላለስ ያ ሁሉ ጥርስ ተበልቶ ልሙጥ ሆነ። ጎሚስታው ደጄ ድረስ መጥቶ አዲሶቹን እየገጠመ፣ «ዘንድሮ እንኳ ሚካኤል ያለ ችግር ትደርሳላችሁ» አለኝ። የሚኒባሱ በር ክፍት ስለነበር የኔታ ሰምተዋል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ከአልጋቸው ሆነው። «አሮጌዎቹን እንዳትጥያቸው።»

«ምን ያደርጉልዎታል የኔታ? እነዚህ እኮ እርጥብ ሣር ላይ እንኳ አይሄዱም።»

«አውቃለሁ። ለኅዳር ሚካኤል እነሱን ግጠሚልኝ።»

ጎሚስታው ያለቁትን ጎማዎች እያንከባለለ ወደ ጋሪው ሊጭናቸው ነበር።

«እነሱን አትንካ፤ የየኔታ ናቸው» አልኩትና አንድ በአንድ አልጋው ሥር አስገባኋቸው።