የለታ እርምጃ ስንት ሳንቲሜትር ነው

ለታ ቶለሳ ስድስት መቶ ሜትር ርቆ የቆመ ዒላማ ላይ ሲተኩስ፣ ስህተቱን ባረመ ቁጥር ሌላ ስህተት ይሠራ ነበር። ጥይቱ ከመሐል ስድሳ ሳንቲሜትር ወደ ግራ ሲያርፍ፣ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ ወረቀቱ በሚለው ልክ ያዞራል። ቀጣዩ ጥይት ግን መሐሉን አልፎ አሥር ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ይመታል። ወደ ቀኝ ሲስት ደግሞ እርማቱ ወደ ግራ ያሳልፈዋል። ሁልጊዜ ትንሽ ያልፋል።

ለታ የፖሊስ አሥር አለቃ ነበር፤ ለክፍሉ የተኩስ ቡድን ይወዳደራል። በ1972 ዓ.ም. መስከረም ላይ ችግሩን ቤት ይዞ መጣ። ቤታቸው ከአዲሱ ገበያ ጀርባ ነው፤ እናታቸው ወይዘሮ አጸደ፣ እሱና ታላቅ እህቱ ደሳለች አብረው ይኖራሉ። ደሳለች በአንድ የውሃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል ውስጥ ካርታና ፕላን ትሠራ ነበር።

«እቴ፣ ጠመንጃው ተጣሞ ይሆን እንዴ?»

«ስለ ጠመንጃህ አላውቅም። ወረቀቱን ወዲህ በል።»

ይህ ወረቀት ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ተኳሹ ከፊቱ ዘርግቶ የሚይዘው የዒላማው ትንሽ ሥዕል ነው፤ በእውነተኛው ዒላማ ላይ ያለው አሥር ሳንቲሜትር ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል። ከሥዕሉ በላይ ቁልቁልና አግድም መስመሮች ተሰምረው ሳጥን ሳጥን ይሠራሉ። አንዱ ሳጥን የማነጣጠሪያው አንድ «ደቂቃ» ነው። ደቂቃ እዚህ ጋ ጊዜ አይደለም፤ አንድ ዲግሪ ለስድሳ ሲከፈል የሚገኘው ቀጭን ማዕዘን ነው። ተኳሹ እያንዳንዱ ጥይት ያረፈበትን ቦታ በነጥብ ያስቀምጣል፤ ከመሐል ስንት ሳጥን እንደራቀ ይቆጥራል፤ ያንኑ ያህል ደቂቃ ያዞራል። ወረቀቱ ልክ ከሆነ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም።

ደሳለችን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በመጨረሻ ያገኘችው ስህተት ቀላል ነበር። ቡድኑ የሚያባዛው ወረቀት በኢንችና በያርድ ከተሠራ አሮጌ ወረቀት የተቀዳ ነው። የቀዳው ሰው ቁጥሩን በግምት ወደ ሜትር ሲለውጥ እያንዳንዱን ሳጥን አሥራ አምስት ሚሊሜትር አድርጎታል። በስድስት መቶ ሜትር ላይ ግን አንድ ደቂቃ አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ተኩል መሆን ነበረበት። ለታ ስድሳ ሳንቲሜትር ሲስት ወረቀቱ አራት ደቂቃ ይለዋል፤ አራት ደቂቃ ግን ጥይቱን ሰባ ሳንቲሜትር ይወስዳል። ትርፏ አሥር ሳንቲሜትር ያቺ ናት!

ይህን ለማረጋገጥ የተኩስ ሜዳው ራሱ መለካት ነበረበት። ከመሥሪያ ቤቷ ረጅም የመለኪያ ሜትር ተውሳ ሄደች። ለታ ከልጅነቱ ጀምሮ የሄደበትን ሁሉ በእርምጃ የመቁጠርና በደብተር የመጻፍ አመል ነበረው፤ ሜዳውንም ሰባት መቶ ዘጠና ሁለት እርምጃ ብሎ መዝግቦት ነበር። እሷ ስትለካው ልክ ስድስት መቶ ሜትር ሆነ።

«መቶ ሜትር በመቶ ሠላሳ ሁለት እርምጃ» አለችው። «ጭራሽ አትዛነፍም። አንተን ጠቅልዬ መሥሪያ ቤት ባስቀምጥህ ሜትር መግዛት ይቀራል።»

«ደመወዙ ስንት ነው?»

አዲሱን ወረቀት በቀጭን የቀለም ብዕር ሠራችው። መሥሪያ ቤቷ ፕላን የሚያባዛበት የአሞኒያ ማተሚያ ወረቀት እንደሚስብ፣ እርጥበትም እንደሚያሳብጠው ታውቃለች። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር አሰመረች፤ ርዝመቷ አሥር ሳንቲሜትር። ያቺን መስመር በማስመሪያ የለካ ሰው ወረቀቱ ተስቦ ወይም ተኮማትሮ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

ለታ በሁለት ዓመት ውስጥ የቡድኑ አንደኛ ሆነ። በ1974 ጥር ላይ በተደረገው ውድድር ደሳለችም ተጋብዛ ነበር። ውድድሩ እንዳለቀ የክፍሉ አዛዥ ሻምበል ዓምሃ የለታን ወረቀቶች ይዘው ወደ እሷ መጡ። ለታ ከኋላቸው ቆሟል።

«እህቴ፣ ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። አንዳንዱ ተኳሽ ያልመታውን ነጥብ ይሞላል። ይህ የሚታመን ነው?»

ለታ ከሻምበሉ ትከሻ በላይ አያትና ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። አይሆንም ማለቱ ነበር። እሷ ግን እንዳፈረ ቆጠረችው፤ ሲያሞግሱት ሁልጊዜ እንዲያ ያደርገው ነበር።

«አንድ ነጥብ ያለ ቦታዋ አልተቀመጠችም» አለች። «ካላመኑኝ ዒላማውን ያስመጡና እንለካው።»

ዒላማው መጣ። ከአሥሩ ቀዳዳዎች ዘጠኙ ወረቀቱ ባለው ቦታ ተገኙ፤ አሥረኛው በአንድ ሳንቲሜትር ተለየ። ሻምበሉ ተገርመው ሳቁ፣ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ደሳለች በዚያ ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው መሬት ሳትረግጥ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ለታ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንዲዘምት ታዘዘ። ከክፍሉ ምርጥ አላሚዎች እንዲላኩ ተጠይቆ ኖሯል፤ የተመረጡትም በወረቀታቸው ነው።

«ታውቅ ነበር?» አለችው ልብሱን እያጠፈች።

«ወሬው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ምን ልበልሽ? ወረቀቱ ውሸት ነው በይ ልበልሽ? አንቺን?»

ከወረቀቶቹ አርባውን ይዞ ሄደ። ደብዳቤ የሚጽፈው በጀርባቸው ላይ ነበር። ከ1975 ኅዳር በኋላ ግን ደብዳቤ አልመጣም። ደሳለች በየቢሮው ተመላለሰች፤ ስሙ ከሞቱትም ካሉትም ዝርዝር ውስጥ የለም አሏት። ጎረቤቶች ለቅሶ እንቀመጥ ሲሉ ወይዘሮ አጸደ አልተቀበሉም። «መቃብሩን ሳላይ አላለቅስም» አሉ፤ ነጠላቸውንም አላዘቀዘቁም። ደሳለች ከእናቷ ጋር አንድ ማዕድ እየበላች ፊታቸውን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ለሻምበሉ የተናገረችውን ለእናቷ እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።

በ1977 ግንቦት ላይ አንድ ክራንች የያዘ ሰው በሩን አንኳኳ። ሸፊ እባላለሁ፣ ከለታ ጋር ነበርኩ አለ። አንድ እግሩን ያጣው ለታ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወር ከርሟል። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ደሳለች የገዛ እጇን መስመሮች አየች። በመስመሮቹ ላይ ለታ የሰፈሩበትን ቦታ ስሎበታል፤ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ወደ ግራ የውሃ ጉድጓድ፣ ከዋርካው ሽቅብ አንዲት ነጥብ። ዳር ላይ «አንድ ሳጥን ሃምሳ እርምጃ» ይላል።

«ይህቺ ነጥብ ምንድን ናት?» አለችው።

«ምሽጉ ናት። ራሱ ነው የቆፈራት። እዚያው አፈር አለበስነው፣ እቴ። በሁለት እግሬ ነበርኩ ያኔ።»

«ብትሄድ ታገኘዋለህ?»

«ከዋርካው በላይ ያለው ዳገት ምሽግ ብቻ ነበር። ሁሉም ውስጥ ሰው አለ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ድንጋይ ተደፍኗል። እኔም ብሄድ አለየውም።»

ደሳለች ማስመሪያ አመጣች። መጀመሪያ ግርጌ ያለችውን መስመር ለካች፤ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሳንቲሜትር ሆናለች። ወረቀቱ በላብና በዝናብ ርሶ ሲደርቅ ተኮማትሯል። ከዋርካው እስከ ነጥቧ ያለውን ለካችና በዚያው ልክ አረመችው፤ በትክክል ሰባት ሳንቲሜትር፣ ማለት አራት ሳጥን፣ ማለት የለታ ሁለት መቶ እርምጃ። ወንድሟ እዚያም ሆኖ አልተዛነፈም። ወረቀቱን እንደያዘች ማስመሪያው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሁለት መቶ እርምጃ ሜዳ ላይ መቶ ሃምሳ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ግን ይህ ዳገት ነው፤ ሰው ዳገት ሲወጣ እርምጃው ያጥራል። በስንት? ይህን የሚመልስላት የለታ ደብተር ብቻ ነው። በደብተሩ ውስጥ በልጅነቱ ሳይሆን ካደገ በኋላ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የቆጠራቸው ሦስት ቁጥሮች አሉ። እርምጃው እየተቆጠረ የተኬደበትን መንገድ ዛሬ በሜትር ብትለካው፣ የእርምጃው ርዝመት ይገኛል።

ስለዚህ በየእሑዱ ከሸፊ ጋር እንጦጦ ትወጣለች፤ የትኛው አቀበት ያንን ዳገት እንደሚመስል የሚያውቀው እሱ ነው። የመጀመሪያው ከድልድዩ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ሲሆን ሦስት መቶ ሠላሳ እርምጃ ይላል፤ ሁለት መቶ ሃያ አንድ ሜትር ሆነ። አንዱ እርምጃ ስድሳ ሰባት ሳንቲሜትር ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ለዘብ ያለው አቀበት፣ ሰባ አንድ ሰጠ። በስድሳ ሰባቱ ከሄዱ መቃብሩ ከዋርካው መቶ ሠላሳ አራት ሜትር ላይ ነው፤ በሰባ አንዱ መቶ አርባ ሁለት። ልዩነቱ ስምንት ሜትር ነው። አንድ ቀን መንገዱ ተከፍቶ ሰው እዚያ መሄድ ቢችል እንኳ፣ በዚያ ስምንት ሜትር ውስጥ የሌሎች እናቶች ልጆችም እንደተቀበሩ ሸፊ ነግሯታል።

ዛሬ የቀረው ሦስተኛው ነው። ሸፊ ዳገቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሜትሩን ጫፍ ይዟል። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት ሴት ቆም አሉ።

«መንግሥት መንገድ ሊሠራልን ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ። የሰው እርምጃ እየለካን ነው።»

«የማንን?»

«የወንድሜን።»

ሴትዮዋ ሽቅብም ቁልቁልም አዩ፤ የሚራመድ ሰው የለም። ሸክማቸውን አስተካክለው ወረዱ።

«ሸፊ፣ ዜሮውን ያዝክ?»

«ይዣለሁ፣ እቴ። ሳቢው።»

ደሳለች ሜትሩን ወጥራ እየዘረጋች ሽቅብ ወጣች። ሃምሳ ላይ ስትደርስ ችካል ተከለች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ሸፊ በክራንቹ እስኪደርስባት ቆማ ጠበቀች።