ቶሎ የማትወርድ ኳስ

ትኬት ቆራጯ ዓይኗን ከአዛውንቱ ላይ መንቀል አቃታት። ዓይነ ስውር ናቸው፤ የተተኮሰ ኮት ለብሰው፣ ነጭ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በቅርጫት ኳስ አዳራሹ ውስጥ ከአንደኛው ቅርጫት ጀርባ ተቀምጠዋል። ኳስ ብረቱን በመታ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

‹‹ቸኮለች!›› አሉ አዛውንቱ። ‹‹ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ቶሎ ትደርሳለች። ከፍ ያለችዋ ዝምታዋ ይረዝማል፤ ከላይ ስትወርድ ደግሞ ቀለበቱ ይሰፋላታል።››

አንዲት ረጅም ተጫዋች ከሩቅ ዘላ ወረወረች። ዝምታው ረዘመ። አዳራሹ ገና አንጋጦ ሳለ አዛውንቱ አጨበጨቡ፤ መረቡ ሽው ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

‹‹ሳትገባ ያጨበጭባሉ እንዴ፣ አባባ?›› አለች ትኬት ቆራጯ እየሳቀች።

‹‹ልጄ ናታ! መልኳን አይቼ አላውቅም፤ አወራወሯን ግን ከማንም አላምታታውም።››