ሲባጎ የከፈለው ቤት

ሰሞኑን ሰበታ ከተከራየናት ቤት አጠገብ ጎረቤታችን አጥሩን እያደሰ ነው፤ መዶሻው ቆርቆሮ ላይ ባረፈ ቁጥር የያዝኩትን ስፌት ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ሳላስበው የልጅነቴ ቡራዩ እደርሳለሁ። አባዬ በገዛ እጁ የሠራውን ቤት በገዛ እጁ በቆርቆሮ ለሁለት ሲከፍለው የሰማሁት ድምፅ ይኸው ነው።

ቤታችን ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባዬ አናጢ፣ እማዬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽተው መጥተው፣ መሬቱን ከኦቦ ጉርሜሳ፣ ከጎረቤታችን ገበሬ፣ በመንደር ውል ገዝተው፣ ጭቃውን አብረው ረግጠው ነው ያቆሙት። የፊተኛው ክፍል የአባዬ መሥሪያ ነበር፤ ጣውላ ሲልግ መንገደኛው ቆሞ ያየዋል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ አልጋ ወይም ቡፌ አዝዞ ይሄዳል። ከኋላ ባሕር ዛፉን የሚያየው መኝታ ቤትና ጓሮው ነበር።

አባዬ ሲበዛ ተጠራጣሪ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳይል የሚውልበት ቀን አልነበረም፤ ወተት ሲገዛ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ሳይቀምስ አይቀበልም፣ እማዬ ከፈረቃ ትንሽ ከዘገየች በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እሷም ሲብስባት ጊዜ፣ «ቆይ፣ እኔስ?» ብላ የእሱን ኪስ መፈተሽ ጀመረች። በዚያ ክረምት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ጭቅጭቃቸው ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር፤ መስከረም ሳይጠባ ተፋቱ። ዳኛው ንብረታቸውን እኩል እንዲካፈሉ ቢወስኑም፣ ቤቱ ካርታ ስለሌለው እሱን በሽማግሌ ጨርሱ ብለው መለሷቸው።

ጥቅምት ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሲያዩኝ ሁልጊዜ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ»፣ ደህና ነሽ ልጄ፣ የሚሉኝ ኦቦ ጉርሜሳ ያን ቀን እኔን ልብ አላሉኝም፤ ቀጥ ብለው ወደ አባዬ ዞሩ።

«ጌታቸው፣ አናጢ ነህ፣ መለካት ታውቃለህ። አንተ ክፈል፣ እሷ ትምረጥ። እኛ ከብት እንኳ ስንካፈል ከፋይ አይመርጥም» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ እንቅልፍ አጣ። ሲባጎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥሮ፣ ጠዋት ክንድ ያህል ወደ ጓሮ ይገፋዋል፣ «አይ፣ ይህን ካደረግሁማ የፊቱን ትወስደዋለች» ይልና ከሰዓት በኋላ ይመልሰዋል። እኔና እማዬ ሳህን ይዘን በሲባጎው ሥር ጎንበስ እያልን እናልፍ ነበር። እሱ እሷን ያያል፣ እሷ ሲባጎውን ታያለች፣ እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ኧረ ስንቱ!

ኅዳር ሲገባ ደግሞ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ እየሰፋች የገበሬውን መሬት ልትውጥ ነው ተባለ፣ ተማሪዎች ወጡ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ልብሳችን ላይ ሰነበተ። በዚያ ሰሞን ሜትር የያዘ ሰው አይታመንም፣ ወረቀት የያዘ ሰው አይታመንም፣ እንግዳ ፊትማ ጭራሽ። አንዱ መጥቶ መንገዱ ይሰፋል፣ ዳር ያለው ቤት ሁሉ ይፈርሳል ሲል፣ ሌላው የለም፣ ይሄ ወሬ ነው ይል ነበር።

አንድ ቀን አባዬ መላጊያውን አስቀምጦ ጠራኝና፣ «እናትሽ ሰሞኑን ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ። እኔም የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ «ወረቀት ከያዘ ሰውዬ ጋር በር ላይ ሲያወሩ አይቻለሁ» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ምን ወረቀት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሲባጎው በመጨረሻ ቆመና ሽማግሌዎቹ እማዬን ምረጪ አሏት። ዞራ እንኳ አላየችም።

«የኋላውን» አለች።

አባዬ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ቆይ! ለምን የኋላውን?»

«መረጥኩ፣ በቃ።»

«የምታውቂው ነገር አለ! የፊቱ ሊፈርስ እንደሆነ ወረቀት ይዞ መጥቶ የነገረሽ ሰው አለ። ከልጅሽ አፍ ነው የሰማሁት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እማዬም አየችኝ፤ አልተቆጣችም፣ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

«ከፋይ ሆነህ ልትመርጥ ነው? ነውር አይደለም እንዴ!» ብለው ኦቦ ጉርሜሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ይተዉት፣ ኦቦ» አለች እማዬ። «የኋላውን እሱ ይውሰድ።»

አባዬ ያሸነፈ መስሎት በዚያው ሳምንት ቆርቆሮውን በሲባጎው ልክ መታው።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። መንገዱም አልሰፋ፣ የፊቱም አልፈረሰ። አባዬ ጓሮ ላይ ሆኖ ጣውላውን ይልጋል፣ የሚያየው ግን ባሕር ዛፉ ብቻ ነው። ያለቀ አልጋ ለማውጣት በእማዬ ግድግዳ ሥር ባለችው ጠባብ መተላለፊያ በጎን እየገፋ ሲያልፍ እንጨቱ ግድግዳውን ሲፍቀው ከውስጥ እንሰማ ነበር። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ቀሩ። የበልግ ዝናብ ሲጀምር መላጊያውን በጆንያ ጠቅልሎ ሱሉልታ ሌላ አናጢ ዘንድ ተቀጠረ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

እማዬን የጠየቅኋት ገና አምና ነው። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«ሰውዬው ማን ነበር?»

«የትምህርት ቤታችሁ ዘበኛ ነዋ! ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን የሚናገር ወረቀት እያደለ ነበር።»

«የኋላውንስ ለምን መረጥሽ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አልጋ የሚያዝ ሰው ጓሮ ድረስ ይመጣል እንዴ? የአባትሽ እንጀራ እኮ መንገዱ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ያምነኝ ነበር?»

የዛሬው ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ሲባጎ የለበትም፣ የማካፍለውም ንብረት የለኝም። የገባን ቀን ባለቤቴ የስፌት መኪናዬን ተሸክሞ መስኮት ወዳለው ክፍል አስገባና፣ «ብርሃን ያለው ይሄኛው ነው፣ አንቺ ያዢው» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ለምን?» ነው።