ሁለተኛው ዓይን

የያዙኝ ማንኩሳ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቸ በእግሬ ወደ ቡሬ ስሄድ ነበር። ጣልያን አገሩን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። መንገድ ላይ የቆሙት ወታደሮች ስልቻየን ዘረገፉት፤ አንድ ነጠላ፣ ጭብጥ ቆሎና በጨርቅ የተጠቀለሉ ፎቶግራፎች ወጡ።

ደብረ ማርቆስ ከአንድ አርመናዊ ዘንድ ፎቶ ማንሳት እማር ነበር። መምህሬ ተበላሹ ብሎ የጣላቸውን እየለቀምሁ አስቀምጥ ነበር፤ ሌላ ምን መማሪያ ነበረኝ? ከነዚያ በአንዱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጎበዝ አለ።

"ይኸ ሽፍታ የት ነው ያለ?" አለኝ አስተርጓሚያቸው።

"ሽፍታ አይደለም፣ ሙሽራ ነው። ከጦርነቱ በፊት ለሠርጉ የተነሳው ነው" አልሁት።

በጥፊ አጮለኝ። እውነቴን ነበር እኮ!

ቡሬ ወስደው አንድ የነጋዴ እህል መጋዘን ውስጥ ጨመሩኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የጤፍ ብናኝ ነው፤ ሳሉ አላስተነፍስ አለኝ። መስኮት የለውም። ጠዋት ጠዋት ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ ብርሃን ይገባና ግድግዳው ላይ ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል። ከኛ በፊት ወታደሮች አድረውበት ኖሮ፣ ንፋስ እንዳያስገባ ብለው በግድግዳው ስንጥቅ ላይ የጣልያን መጽሔት ገጾች በሊጥ ለጣጥፈዋል። ገጾቹ ላይ ፎቶዎች ነበሩ።

እስረኛው አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ለአርበኛ ስንቅ አቀበላችሁ ተብሎ የተሰበሰበ። ፎቶ አንሺ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አልፈርድባቸውም። ፎቶ ማለት ለነሱ የጣልያን ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ ብሶብኝ ቀኑን ሙሉ የጣልያን ሥዕል ላይ ዓይኔን ተክየ እውላለሁ። "ባንዳ ነው" ሲሉ እሰማለሁ። ምግብ ከቤታቸው ሲመጣላቸው ክብ ሠርተው ይበላሉ። የኔ ቤተሰብ ከቡሬ ማዶ ገጠር ነው፤ መያዜንም የነገረው የለም። ሠላሳ ሰው መሃል ሆኘ ሰው ናፈቀኝ።

ከገጾቹ አንዱን አልረሳውም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መምህሬ ያስተማረኝ ሰውየውን ፊት ለፊት አቁመህ፣ እንዳይተነፍስ ነግረህ አንሳ ነው። ይኸኛው ግን ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ ብርሃኑን በጉንጩ ተቀብሏል፤ እንዲያም ሆኖ የማዶው ዓይን ከአፍንጫው ባሻገር ከነሽፋሽፍቱ ይታያል። አንሺው የት ቆሞ ነበር? ብርሃኑስ በየት በኩል ገባ? በጣቴ እየለካሁ ስፈልግ እውላለሁ። ጠላቴ ያነሳው ነው፤ ወደድሁት። ምን ላድርግ! አፍር ነበር፣ ግን በነጋ ቁጥር ብርሃኑ ወረቀቱ ጋ እስኪደርስ እቸኩል ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ምን ትቃርማለህ?" አሉኝ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። አርበኛ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ደብቀዋል ተብለው ነው የታሰሩት።

"የፊቱን አዟዟር ነው የማይ፣ የኔታ።"

ተነስተው መጡና አጠገቤ ቆመው ሰውየውን አዩት። "ፈረንጅም ቢሆን ደክሞታል" አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያናገረኝ እስረኛ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ጠዋት ሁላችንንም ወደ ግቢው አወጡን። ባለ ሦስት እግር የፎቶ ሣጥን ቆሟል፤ ከኋላው አንድ ጣልያን ፎቶ አንሺ አለ። ሣጥኑን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ መታሰሬንም ረሳሁት። እያንዳንዱ እስረኛ ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ በጎን። መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው። ዙር ሲሉኝ ዞርሁ።

የየኔታ ተራ ደረሰ። ፊት ለፊት ተነሱ። በጎን ሲባሉ ግን አልዞርም አሉ። አንዱ ወታደር አገጫቸውን ይዞ ቢያዞራቸው መልሰው ፊት ለፊት ሆኑ።

"አባ፣ ይዙሩ እንጂ!" አለ አስተርጓሚው። "እምቢ ያለ አርባ ጅራፍ ነው፤ በዚህ ዕድሜዎ አይችሉትም።"

"ይግረፉኝ። አንተ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም? ጻድቃን በሁለት ዓይን ነው የሚሣሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣል ይሁዳ ነው፤ ጌታን የገረፉት ናቸው። እኔ ይሁዳ ሆኘ ወረቀት ላይ አልቀርም።"

ጅራፉ ከተሰቀለበት ወረደ። እኒያ የከሱ ሰው ከዚያ ጅራፍ እንደማይነሱ ሁላችንም አወቅን። ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጁ ትዝ አለኝ።

"እኔ ሥራውን አውቃለሁ፤ እኔ ላቁማቸው" አልሁት አስተርጓሚውን። ፎቶ አንሺው በሥራው ተሰላችቶ ኖሮ፣ እንዳሻችሁ በሚል እጁን አወናጨፈ። ከኋላየ አንዱ ገበሬ "ባንዳ ነው አላልኋችሁም?" ሲል ሰማሁ።

ጠጋ አልሁና "የኔታ፣ ከሣጥኑ ጎን ወዳለው ዋርካ ይመልከቱ። ሌላው ዓይንዎ አይጠፋም" አልኋቸው በሹክሹክታ።

"ትዋሸኛለህ።"

"ያን ባለመረቡን ሽማግሌ ያስታውሱ። ስንት ዓይን ነበረው?"

አሰቡ። "ሁለት" አሉ።

ወደ ዋርካው አዩ። ፎቶ አንሺው ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ብቅ ብሎ ገና ነው፣ ይዙሩ ሲል በእጁ አሳየኝ። ትከሻቸውን ይዠ አዞርሁት፣ ነጠላቸውን አስተካከልሁላቸው፤ ፊታቸውን ግን ወደ ዋርካው እንዳለ ተውሁት። ቢነቃብኝ ጅራፉ ለኔ ነበር። ትከሻቸው በጎን ነው፣ ጆሯቸውም ይታያል፤ ለፎቶ አንሺው በቃው። ሣጥኑ ቀጭ አለ። ከሳቸው በኋላ የቀሩትን ሁሉ እኔው አቆምሁ፣ ያን የሰደበኝንም ጭምር። እሱ እስከ መጨረሻው ባንዳ እንዳለኝ ነው የተለያየነው።

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ የኔታ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"አንተንስ ማን አቆመህ?" አሉኝ።

"ማንም። ዙር ሲሉኝ ዞርሁ።"

ይኸን ስል አለቀስሁ። ከተያዝሁ ጀምሮ አላለቀስሁም ነበር። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደሳቸው መለሱትና ትክ ብለው አዩኝ።

"ግዴለህም" አሉ። "ያኛውን ዓይንህን እኔ አይቸዋለሁ።"

በሳምንቱ የኔታን በካሚዮን ወሰዷቸው። አልተመለሱም። እኔም እስክፈታ ድረስ ከዓሣ አጥማጁ ጋር ብቻየን ቀረሁ።

አሁን ፍኖተ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት ፎቶ ቤት አለችኝ። ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወደ ብርሃኑ ዞር አደርገውና የማዶው ዓይን እስኪታየኝ እጠብቃለሁ። "ኧረ አንሳንና እንሂድ፣ ጋሪ አስቁመን ነው!" ይሉኛል። ይበሉ።

እነዚያ ፎቶዎች የት እንደደረሱ አላውቅም። ምናልባት አንድ ሣጥን ውስጥ አብረን ተቀምጠን ይሆናል፣ የኔታ በሁለት ዓይን፣ እኔ በአንድ። የሚያገኘን ሰው ምን ይለኝ ይሆን እያልሁ አንዳንዴ ይከፋኛል። ያኛውን ዓይኔን ያዩልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።