የጀቤሳ ድርቆሽ

ጀቤሳ ከቁስቋም ማርያም በላይ፣ ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር ወተት ሻጭ ነው። ድሮ ብዙ ላሞች ነበሩት፤ ቤቱ እየበዛ ዳገቱን ሲወጣ ግጦሹ አለቀ፣ ላሞቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ቡሬ ብቻ ቀረች። ሚስቱ ሾዴ እሷንም እንሽጣት ካለች ቆይታለች። እሱ ግን «ላም የሌለው ሰው ጠዋት ለምን ይነሣል?» ይላል። እኔ ከጂኦግራፊ መምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ኖሬአለሁ፤ አላገኘሁም።

ቡሬ ዓመቱን የምትገፋው በድርቆሽ ነው። ጀቤሳ ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ላይ፣ ከአባቱ የወረሳት የሣር መሬት አለችው። መስቀል ሲያልፍ አጫጆች ከሰሜን ይመጣሉ፤ ሣሩ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ግቢው ውስጥ ይከመራል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከመነሻው ሰነፍ ነበር። ሣሩ ከጉልበት አላለፈም። መስቀል እንዳለፈ ሬዲዮው በጋው ዝናብ ይበዛበታል ሲል ሰማሁና ጀቤሳን አጥሩ ጋ ጠራሁት።

«አጨዳውን ብታቆየው ምን ይመስልሃል?»

«ምነው ጋሽ ዓምሃ፣ ሕልም አዩ እንዴ?»

«ባሕሩ ሞቋል።»

«የቱ ባሕር? እኛ ያለን የቀጨኔ ወንዝ ነው፤ እሱም ይሸታል እንጂ አይሞቅ።»

እንደ ድሮዬ ማስተማር ጀመርኩ። ሰላማዊ ውቅያኖስ በምድር ወገብ ላይ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት ነው፣ የነፋሱ ሥርዓት ይናጋል፤ ክረምታችንን የሚያመጣው ነፋስም ይደክማል። አሁን ደግሞ በሶማሊያ በኩል ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ከወትሮው ሞቋል። የሞቀ ባሕር አብዝቶ ይተናል፤ ያንን እርጥበት ነፋስ ተሸክሞ፣ ደረቅ መሆን ባለበት ወር እኛ ዘንድ ያራግፈዋል። ሁልጊዜ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ዓመት ግን ያሰጋል።

በትዕግሥት ሰማኝ። «ገባኝ፤ በክረምት የነሣንን በበጋ ሊደፋብን ነው። ግን ጋሼ፣ አጫጆቹ ያሉት አሁን ነው። ዛሬ ከመለስኳቸው የሌላውን አጭደው ወደ ጤፉ ያልፋሉ። ኋላ በዚህ ወገቤ እኔ ላጭደው?»

ዕውቀት የሚመጣውን ይነግርሃል፤ አጫጅ አያቆይልህም።

ታጨደ። ፀሐይ ጥቂት ታየችና ዝናቡ መጣ። ሣሩ በተሰጣበት ራሰ፣ ተገላበጠ፣ ደግሞ ራሰ። ጀቤሳ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ እየተሳፈረ ሲያገላብጥ ውሎ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመለሳል። አንድ ቀን ሰማዩ ጋብ ሲልለት፣ ላይ ላዩን ዳሰሰና ደርቋል ብሎ አስጫነው። ግቢው ከምሮ ሸራ አለበሰው።

«ውስጡ እርጥብ ነው» አለች ሾዴ።

«ደርቋል አልኩሽ።»

«የደረቅክስ አንተ ነህ፤ ምክር አትሰማ!»

ብዙም ሳይቆይ ክምሩ መሽተት ጀመረ። ጀቤሳ ጠራኝ፤ እጄን ይዞ ክምሩ ውስጥ ከተተው። እንደታመመ ሕፃን ገላ ያተኩሳል። ሸራው ላይ ካፊያ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ እሳት። ሙቀት ከዓይን ተሰውሮ ተከማችቶ የሚሠራውን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬ፣ በእጄ የነካሁት ያን ቀን ነው።

ክምሩ ሲፈርስ ውስጡ በነጭ ሻጋታ ተያይዟል። ደህና የመሰለውን መርጦ ለቡሬ አቀረበላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«እሷም እንደ ሾዴ ናት» አለ፤ «አትታለልም።»

ሾዴ አልሳቀችም። የሰዉ ሁሉ ድርቆሽ ስለተበላሸ የደረቀው ዋጋው አይቀመስም ነበር። «ጀቤሳ» አለችው ቀስ ብላ፣ «አጥንቷ እስኪወጣ ነው የምትጠብቀው?»

ስልኩን አወጣ።

በማግስቱ ጭድ የተረፈው አንድ የሱሉልታ ሰው ሊገዛት መጣ። ጀቤሳ ቡሬን እስከ ዋናው መንገድ ሸኛት። ገመዱን ከእጁ ተቀብላ ለሰውየው የሰጠችው ሾዴ ናት።

በነጋታው ሰማዩ ጥርት አለ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ጀቤሳ እንደወትሮው ማልዶ ተነሥቶ የሻገተውን ድርቆሽ በመንሽ እየበተነ ያሰጣል።

«ለማን ነው?» አልኩት።

ቀና አላለም። «ለማንም። ፀሐይዋ ይህን ያህል መንገድ መጥታ ባዶ ግቢ እንዳታገኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ሌላ መንሽ ሙሉ አነሣ። እኔም ቤቴ የሚያስገባኝ ጉዳይ ስላልነበረኝ እዚያው ቆምኩ።